ትምህርት ቤቶቻችንን በምን እናወዳድር?

የትምህርት ዘመን ባለቀ ቁጥር በየወረዳው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት ይነጻጸራል። ስብሰባ ይጠራል፤ የትኛው ቀበሌ ትምህርት ቤት ቀደመ፣ የትኛው ወደ ኋላ ቀረ የሚለው በዝርዝር ይነበባል። የቀደመው ቀበሌ መሪ ይጨበጨብለታል፤ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። መዋጮ ይጣላል። ገበሬው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ይሸከማል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ገንዘብ ያወጣል። አንድ ተጨማሪ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ይቆማል፣ አጥሩም ይታደሳል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ድካም በልጆቹ ንባብ ላይ ያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ሲፈለግ አይገኝም።

ማወዳደሩ ይቅር አልልም። ገበሬ ማሳን ከማሳ፣ በሬን ከበሬ ሳያወዳድር ውሎ አያውቅም። ቅሬታዬ በመለኪያው ላይ ነው። አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ሁለት ኩንታል ዘርቻለሁ» ብሎ ቢኩራራ ጎረቤቱ «እሱስ ይሁን፤ ስንት አፈስክ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ አያጨበጭብለትም። ስለ ትምህርት ቤት ስንነጋገር ግን በመስከረም የተመዘገበውን ልጅ እንደ ምርት እየቆጠርን እንገኛለን። የተመዘገበ ልጅ ዘር ነው። ምርቱ በሰኔ ወር ክፍል ውስጥ የተገኘው፣ ያውም አንብቦ የገባው ልጅ ነው።

ምሳሌዎቼን የማወጣው ከጉራጌ ምድር ነው። አካባቢው ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚገኝ ሲሆን ከጉመርና ከጌታ ደጋ አንሥቶ እስከ አበሽጌ ቆላ ድረስ የሚዘረጋ በመሆኑ በሌላ ክፍለ አገር ያሉ አንባቢዎችም የየራሳቸውን ቀበሌ የሚመስል ነገር አያጡበትም።

በመጀመሪያ የመንግሥት መለኪያ ምን እንደሚል እንመልከት። ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑበት የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 መለኪያዎች አሉት። እነዚህ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍለው ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ያስቀምጡታል። አብዛኞቹ የአገራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉት በታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው። ከሦስቱ የመለኪያ ክፍሎች በስብሰባችን ላይ ጎልቶ የሚወጣው ግን ግብዓቱ ነው። ግብዓት በዓይን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሪባን ይቆረጥበታል። መምህሩ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምን አስተማረ የሚለው ሪባን የለውም። ውጤት ሲባል ደግሞ የሚጠቀሰው ከመቶ ስንቱ ክልላዊ ፈተናን አለፉ የሚለው ነው። በዚህ «ከመቶ ስንት» በሚባለው ነገር ላይ የማኅበር መሪዎች ሊነቁ ይገባል እላለሁ።

ለማስላት ብቻ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከስምንት ዓመት በፊት በሁለት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 100 ልጆች አንደኛ ክፍል ገቡ እንበል። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ደርሰው የተፈተኑት 30 ናቸው፤ ከእነርሱም 27 አለፉ። ይህ ከመቶ 90 ነው። በሁለተኛው ትምህርት ቤት 70 ልጆች ተፈተኑ፤ 49 አለፉ። ይህ ከመቶ 70 ነው። በስብሰባው ላይ የሚጨበጨበው ለመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ከመቶ ልጆች 27ቱን ያደረሰ ትምህርት ቤት 49ኙን ካደረሰው በምን ሒሳብ ይበልጣል? በመጀመሪያው ትምህርት ቤት በመንገድ የቀሩት 70 ልጆች በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አልተጻፉም። እንዲያውም ደካማ ተማሪ በጊዜ ባቋረጠ ቁጥር የማለፊያው መቶኛ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው መለኪያ ልጅን ለሚያባርር ትምህርት ቤት ሽልማት እንደመስጠት ነው።

እርግጥ ነው፣ ከሰባዎቹ መካከል ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ይኖራሉ፤ ክፍል የደገሙም ይኖራሉ። ስለዚህ ማን በመሸኛ እንደሄደ፣ ማን እንዲሁ እንደጠፋ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሲሆን 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። የቀበሌው ትምህርት ቤት በ6ኛ ክፍል የሚያበቃ ከሆነ ልጁ ለ7ኛ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የማኅበሩ መሪ «የእኔ ትምህርት ቤት አይደለም» ብሎ ሊተወው አይገባም፤ ልጁ የእሱው ቀበሌ ልጅ ነውና።

ልጆቹ የት ሄዱ? የገበሬ ማኅበር መሪ የሆነ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። በጉራጌ ምድር የትምህርት መክፈቻና የመስቀል በዓል እንደሚገጣጠሙ የታወቀ ነው። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌላውም ከተማ ዘመድ አዝማድ ይመጣል፤ ለአረፋም እንዲሁ። ቤቱ ይሞላል፣ ጀፎረው ይደምቃል። ይህ የሕዝቡ ኩራት ስለሆነ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በነሐሴ መጨረሻ ስሙ የተመዘገበ ልጅ ከበዓሉ በኋላ ከአጎቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ተሳፍሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ወንዱ ሱቅ ይላላካል ወይም ጫማ ይጠርጋል፤ ሴቷ ቤት ውስጥ ትሠራለች። «ከተማ ይማራሉ» ይባላል። የሚማሩ አሉ፤ ብዙዎች ግን አይማሩም። ስማቸው በቀበሌው ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ስሙ የሚቆየው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የሚላከው የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ልክ ሲታሰብ ቆይቷል። አሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ጠመኔና ደብተር ያስፈልገዋል። ሆኖም የልጅን ስም ከመዝገብ መሰረዝ ገንዘብ መቀነስ ከሆነ ርዕሰ መምህሩ ስም ለመሰረዝ ቢያመነታ አይደንቅም። የገበሬ ማኅበሩ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ስለዚህ እውነተኛውን ቁጥር ለማወቅ ከማኅበሩ የተሻለ ቆጣሪ የለም።

«አጎቱ እኮ ሳይማር ነው ሀብት ያፈራው» የሚል አባት በየቀበሌው አለ። ይህ አነጋገር ባዶ አይደለም፤ ከገጠር በባዶ እጃቸው ወጥተው መርካቶ ላይ ትልቅ ነጋዴ የሆኑ ሰዎችን ሁሉም በስም ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በራሳቸው መዋጮ መንገድ ያስቀየሱት፣ ለትውልድ ቀበሌያቸው ትምህርት ቤት ያሠሩትም ከእነርሱ ወገን ናቸው። ነገር ግን እነዚያው ነጋዴዎች የራሳቸውን ልጆች የት እንደሚያስተምሩ መጠየቅ ደግ ነው። የዛሬው ንግድ ደረሰኝ፣ የግብር መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብና በስልክ የሚላክ ገንዘብ ሆኗል። ማንበብ የማይችል ልጅ ዛሬ መርካቶ ሲገባ የሚጠብቀው ሸክም ነው።

አሁን ወደ ማወዳደሩ እንመለስ። በእርሻ ሙያ አንድ የታወቀ ደንብ አለ። የተሻሻለ ዘር ከነባሩ ዘር ጋር ሲወዳደር ሁለቱም በአንድ አፈር፣ በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ቀን ተዘርተው ነው። ሠርቶ ማሳያው ጎን ለጎን የሚዘራውም ስለዚህ ነው። ጥቁር አፈር ላይ የተዘራውን ከጭንጫ ላይ ከተዘራው ጋር አወዳድሮ «ይህኛው ዘር ሰነፍ ነው» የሚል የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢኖር ገበሬው ይስቅበታል። የአስፋልት ዳር ትምህርት ቤትን ከቆላ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ ደረጃ መስጠትም ከዚህ አይለይም።

በመንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሩ ከተማ አድሮ ጠዋት በባጃጅ ይደርሳል። ልምድ ያላቸው መምህራን ዝውውር የሚጠይቁት ወደዚያ ነው። ብዙ ልጆች አማርኛውን ከቤታቸው ወይም ከገበያው ሰምተው ይመጣሉ። በቆላው ቀበሌ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ አለ፤ በቆሎና ማሽላ ሲያፈራ ዝንጀሮና ጦጣ የሚጠብቀው ልጅ ነው። በደጋው ደግሞ ልጁ በጠዋት ብርድና ጭጋግ ገደል ወጥቶ ይመጣል፤ በመስከረም ወንዙ ገና አልጎደለም። ልጅቷ እናቷ እንሰት ስትፍቅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሹን ታዝላለች። በየአካባቢው የሚያስቀረው ነገር የተለያየ ነው ማለት ነው። ቆላ ከቆላ፣ ደጋ ከደጋ፣ የመንገድ ዳሩም ከመንገድ ዳሩ ጋር ቢወዳደር ግን «እነርሱ የቻሉትን እኛ ስለምን አቃተን?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ካምናው ከራሱ ጋር ማወዳደር ይቻላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል፤ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅምና። በጉራጌ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ቆይቷል። በገጠሩ ቀበሌ ያለው የሰባት ዓመት ልጅ አፉን የፈታው ግን በጉራግኛ ነው። የከተማው ልጅ ፊደል ብቻ ሲማር የገጠሩ ልጅ ፊደሉንም ቋንቋውንም ባንድ ላይ ይማራል። ስለዚህ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ወደ ኋላ ቢቀር ፈዛዛ ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ባለው ቀበሌ የ«ኦ» ክፍል የሚባለው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥቅሙ እጥፍ ነው። ሆኖም ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የተረፈው ክፍልና የተረፈው ሰው ነው። የማኅበሩ መሪ ቤቱን ሲጎበኝ ከ8ኛ ክፍል ሳይሆን ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

ንባብን ማኅበሩ እንዴት ይለካል? የሰብል ምርት ግምት ሲወሰድ ባለሙያው ማሳውን በሙሉ አያጭድም። በማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ በዕጣ ይመረጣል፤ እዚያ ላይ ያለው ታጭዶ ይመዘናል። ዋናው ነገር ዕጣው ነው። ባለማሳው ያማረውን ጥግ እንዲመርጥ ከተተወለት ግምቱ ውሸት ይሆናል። በትምህርት ቤት ጉብኝት ግን ሁልጊዜ የሚደረገው ይኸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ጎበዙ ልጅ ተጠርቶ ያነባል፤ እንግዳው ተደስቶ ይሄዳል።

ስለዚህ በዕጣ ይሁን። ከ3ኛ ክፍል መዝገብ ላይ 20 ስም በዕጣ ይውጣ። መጽሐፉን ግን አትስጧቸው፤ ልጆች የመማሪያ መጽሐፋቸውን ገጽ በቃላቸው ስለሚወርዱት ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ሆኖ አፋቸው ብቻ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አምስት መስመር የሆነ አዲስ ጽሑፍ ይጻፍ፤ ስለ ማዳበሪያ ማከፋፈያ ቀን፣ ስለ ዕድር ጥሪ፣ ስለጠፋች ላም። ልጁ ያንብብ። ከዚያም «ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቅ። ራሱ ማንበብ የማይችል ሊቀመንበር እንኳ ልጁ እየቆራረጠ ይሁን እየፈሰሰለት፣ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ሰምቶ ሊፈርድ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መያዝ አለበት። በዕጣ የወጣው ልጅ በዕለቱ ከሌለ በሌላ አይተካም። በስሙ አንጻር «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ከ20 ስም አምስቱ የሌሉ፣ ስምንቱ ማንበብ ያልቻሉ፣ ሰባቱ ያነበቡ ቢሆን የትምህርት ቤቱ ምርት ከ20 ሰባት ነው እንጂ ከ15 ሰባት አይደለም። የቀረው ልጅ የዚያ ማሳ ባዶ ቦታ ነውና።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት ታትመዋል፣ ብዙ መምህራን ሠልጥነዋል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ጣት የተቀሰረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ነበር። በ3ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ12ኛ ክፍል ቢወድቅ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ቡቃያው ላይ የታየውን በሽታ እሸቱ ላይ ማከም አይቻልም።

ይህ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፣ የገበሬ ማኅበር ምን አገባው? የሚል ይኖር ይሆናል። አዋጁን ያስታውሱ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ሲደነግግ ከሰጣቸው ተግባራት አንዱ ከመንግሥት ጋር ተባብረው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የመሥራት ተግባር ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም የመማሪያ ቦታውን ያዘጋጁትና ሰዉን ያሰባሰቡት በገጠር እነዚሁ ማኅበራት ናቸው። በዘመቻው ግዳጅና ምሬት እንደነበረበት የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። ቢሆንም የዘመቻው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ስንት ቤት ተሠራ ሳይሆን ስንት ሰው አነበበ የሚል ነበርና። ዛሬ ሥርዓቱ ተለውጧል። ቀበሌው ምክር ቤት፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አለው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተቀመጡት ግን በአብዛኛው እነዚያው የማኅበሩ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ቆጠራው ከተደረገ በኋላ መዋጮው ወዴት ይሂድ? የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ክፍል ጠቦ ልጆች በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ ወይም ዳሱ የሚያፈስ ከሆነ ክፍል ይሠራ፤ ይህ አያከራክርም። ክፍሉ ካለ ግን ሌላ ክፍል ከመጨመር በፊት የመምህራን ማደሪያ ቤት ይቅደም። ከመንገድ በራቀው ቀበሌ መምህሩ ማደሪያ ከሌለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ማየት ይጀምራል፤ የሚመለሰው ሰኞ ረፋድ ነው። በሳምንት ከአምስት ቀን ሁለቱ ጠፋ ማለት ነው። በዓመት ሲታሰብ ስንት ቀን እንደሚሆን መሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። ሁለት ክፍል ያለው የሣር ወይም የቆርቆሮ ቤት፣ ጓሮው ላይ ጥቂት እግር እንሰትና ጎመን ያለበት፣ አንድን መምህር ሊያከርም ይችላል። ሚስቱም መምህር ብትሆን ሁለቱን አንድ ቀበሌ እንዲመድብ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ለማኅበሩ ከባድ አይደለም።

ከማደሪያው ቀጥሎ ውኃ ነው። ግቢው ውስጥ ወይም አጠገቡ የጎለበተ ምንጭ ካለ ልጅቷ ስትመጣ ጀሪካኗን ይዛ መጥታ ስትሄድ ቀድታ ትሄዳለች፤ እናቷም አታስቀራትም። ምንጩ ከትምህርት ቤቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆነ ግን ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፤ የሚሸነፈውም ትምህርቱ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ለብቻው መሆን አለበት። ይህን በአደባባይ ለመናገር የሚያፍሩ መሪዎች አሉ፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ልጃገረዶች በወር ውስጥ የሚቀሩባቸውን ቀናት ሴት መምህራንን ቢጠይቁ ግን ምክንያቱን በደንብ ይነግሯቸዋል።

ስለ ምግብ ረጅም አልናገርም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት እየተመገቡ ነው። እህል የሚያመርተው የገበሬ ልጅ ግን ባዶ ሆዱን ይውላል። አውድማ ላይ ከየቤቱ አንድ ጣሳ ገብስ፣ ባቄላ ወይም በቆሎ ቢሰበሰብ በሰኔ የሚበላ ቆሎና ንፍሮ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ መሬት ካለው ሣሩና ባሕር ዛፉ ሲሸጥ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ በወላጆች ፊት ይነበብ።

የሥራ ወቅትን በሚመለከት ከማኅበሩ የተሻለ አዋቂ የለም። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ልጁ መቅረቱ አይቀርም፤ ይህን በቁጣ ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ከወረዳው ጋር ተስማምቶ በዚያ ሳምንት ጠዋት ብቻ አስተምሮ የጎደለውን በቅዳሜ ማካካስ ይቻላል። ዝንጀሮ ጥበቃውም በየማሳው አንድ አንድ ልጅ ከሚቆም በተራ አዋቂ ቢቆም ብዙ ልጆች ይተርፋሉ። በዚህ አጋጣሚ የግብርና ሰዎችንም ማንሣት ይገባል። የገበሬ ሥልጠና ሲኖር ክፍል ማስለቀቅ፣ የተፋሰስ ሥራ በጥርና በየካቲት ሲጀመር ስብሰባውን በትምህርት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ መጥራት ልማድ ሆኗል። የዋርካ ጥላ ባለበት አገር፣ ሰፊው ጀፎረ ባለበት ቀበሌ፣ ልጆችን አስወጥቶ ስለ እርከን መነጋገር ለማንም አይበጅም።

ስለ ቆጠራው አፈጻጸም ጥቂት ልጨምር። በዓመት ሦስት ጊዜ ቢደረግ ይበቃል። የመጀመሪያው መስቀል አልፎ እንግዳው ከተመለሰ በኋላ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሁለተኛው አጨዳው ሲጋመስ በኅዳር፣ ሦስተኛው በግንቦት ይሁን። ቀኑ ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ባይነገር ይመረጣል። በእያንዳንዱ ክፍል በመዝገብ ያለው፣ በመቀመጫ የተገኘው ወንድና ሴት ተለይቶ ይጻፍ። የሌለው ልጅ ቤት የሚያውቀው የመንደር ተጠሪ ምክንያቱን በአንድ ቃል ያስመዝግብ፤ ታመመ፣ ከብት ጠበቀ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ ተዳረች። ርዕሰ መምህሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ ይኑር፤ ቆጠራው መምህራንን ለመክሰስ የመጣ መስሎ ከታየ መዝገቡ ወዲያው «ይስተካከላል»፣ ከዚያ በኋላም እውነቱን ማግኘት ያስቸግራል። የንባቡ ዕጣ በግንቦቱ ቆጠራ ቀን ይውጣ፤ ያነበበውም ያላነበበውም ልጅ ስሙ በስብሰባ ላይ አይጠራ፣ ቁጥሩ ብቻ ይነገር።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ደብተሩ በወላጅ መምህር ኅብረቱ ጸሐፊ ቤት ይቀመጥ፤ በሰኔ ወረዳው ደረጃውን ሲያነብም የማኅበሩ መሪ ይዞት ይሂድ።